ከቀዳዳው ሥር የበቀሉት

ችግኞቹን ያቃጠላቸው የጣሪያው ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩን የመረጠው ሥራ አስኪያጁ ነው። የጥፋቱ ባለቤት ተብላ በሰው ፊት የቆመችው ግን እትዬ ናት። ይህን ሥራ አስኪያጁም፣ የሰብል ባለሙያውም፣ እትዬም ዛሬ አሳምረው ያውቁታል፤ በመካከላቸው አንዳች ክርክር የለም። ክርክር የሌለበት በደል ደግሞ፣ እንደሚታወቀው፣ አቤት የሚባልበት ቦታ የለውም።

እትዬ በችግኝ ጣቢያው ችግኝ አሳዳጊ ነበረች። መጀመሪያ «እትዬ» ያሏት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፤ ቀጥሎ ሰፈሩ ተቀበለው፤ በመጨረሻ አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ ሳትቀር እንደዚያ ትጠራት ጀመር። የሥራ ቦታዋ ግሪንሃውስ የሚሉት ረጅሙ የፕላስቲክ ቤት ነው። ጠዋት ትገባለች፣ ትሪዎቹ ላይ ታጎነብሳለች፣ የቲማቲም ዘር በጣቷ ጫፍ እየቆነጠረች በየጉድጓዱ ትጥላለች፣ ብስባሹን ትነሰንስበታለች፣ ውሃውን እንደ ጤዛ አድርጋ ታርከፈክፍበታለች። እዚያ ቤት መነጽር ያደረገ ሰው እንደገባ ዓይነ ስውር ይሆናል፤ ሙቀቱ እንፋሎት ነው። የእርጥብ አፈሩ ሽታ ከልብስ አይለቅም። እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «አንቺ በመጣሽ ቁጥር ዝናብ የመጣ እየመሰለኝ የተሰጣ ልብስ ላነሳ እሮጣለሁ» ትላታለች።

ስለ እትዬ ሰፈሩ የሚያወራው ስለ እጇ ነው። «እጇ ያበቅላል» ይላሉ። አበባው የጠወለገበት ሰው ቆርቆሮውን ታቅፎ ይመጣና «እስቲ አንዴ እጅሽን አሳርፊበት» ይላታል። ታሳርፍበታለች። ብዙውን ጊዜ ያገግማል። ሳያገግም ሲቀርም ባለቤቱ የራሱን ቸልተኝነት ይወቅሳል እንጂ እጇን አይጠረጥርም። እትዬ አላገባችም፣ አልወለደችም፣ ከዚህ ነው የሚባል ርስት የላትም። ሰው እሷን ለማያውቅ ሰው ሲያስተዋውቅ የሚጀምረው ከእጇ ነው፤ የሚጨርሰውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ነው። ሊወሰድባት የሚችል ነገር ቢፈለግ ያላት ይኸው ብቻ ነበር። ተፈልጎም ተገኘ።

በጣቢያው ችግኝ የሚለካው በዱላ ነው። በበሩ ላይ አንድ አጭር ሰው ይቆማል፤ በስሙ የሚጠራው የለም፣ ባለ ዱላው ነው። ዱላው ላይ በቀይ ቀለም የተከበበ ምልክት አለ። የችግኙ ጫፍ ቀዩን ሲነካ ሰውዬው «ደርሷል!» ይላል። የደረሰ ችግኝ ውሎ አያድርም፤ ቦታው ለሌላ ዘር ስለሚፈለግ በዚያው ቀን ተጭኖ ለገበሬ ይሄዳል። ጓደኞቹ ሁሉ ደርሰው ከቀዩ በታች የቀረው «ድንክ» ይባልና ከአጥሩ ሥር ባለው ክምር ላይ ይጣላል። ደንቡን ማን እንዳወጣው የሚያስታውስ የለም። አውጪው ስለማይታወቅም ሊሽረው የሚደፍር አልተገኘም።

አሮጌው ፕላስቲክ ጣሪያ ላይ ሳለ ደንቡ ማንንም አልጎዳም። ችግኞቹ ዝግ ብለው ስለሚያድጉ እትዬ ገና አጫጭር ሳሉ ወደ ውጭው መደብ ታወጣቸውና ፀሐዩንና ነፋሱን ታስለምዳቸው ነበር። ቀዩን ምልክት የሚነኩት ደጅ ማደር ከለመዱ በኋላ ነው። ይህ አሠራር በደንብ የታዘዘ አልነበረም፤ ልማድ ነበር። ምን እንደሚጠቅም ጠይቃ አታውቅም፤ የነገራትም ሰው የለም።

ከዚያ የቅጠል ጭማቂ የምትመጥ ነጭ ዝንብ ገባች። ቅጠሉን ነካ ሲያደርጉት እንደ ዱቄት ቡን ትላለች፣ ተመልሳም እዚያው ታርፋለች። ሥራ አስኪያጁ መፍትሔ ፈለገ፤ ፕላስቲክ ሻጩ ደግሞ መፍትሔ ነበረው። የሰው ዓይን የማያየው፣ ዝንብ ግን መንገዷን የምትለይበት አንድ የፀሐይ ጨረር አለ፤ አዲሱ ፕላስቲክ ያንን ጨረር ያስቀራል፤ ዝንቧ ትደናበራለች፣ አትራባም። ሻጩ አልዋሸም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ስለ ዝንቧ ተጠይቆ ስለ ዝንቧ መለሰ። ጨረሩ ሲቀር ችግኙ ምን ይሆናል ብሎ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም። መጠየቅ የነበረበት ለዚሁ ተብሎ የተቀጠረው የሰብል ባለሙያው ነው። ባለሙያው ፕላስቲኩን በእጁ ዳሰሰና «ጥሩ ውፍረት አለው» አለ።

ነጭ ዝንቧ ጠፋች። ችግኞቹም ደጅ የሚወጡበት ቀን ሳይደርስ ተመዘዙ። የቲማቲሙ አንገት ረዘመ፣ ቅጠሉ ሰፋ፤ ሰፍቶም ከመሳሳቱ የተነሣ ከጀርባው ጣት ቢያስቀምጡበት ጥላው ይለያል። ማንም ይህን እንደ ሕመም አላየውም፤ ዱላው የሚለካው ቁመት ነውና። ሥራ አስኪያጁ እንግዳ በመጣለት ቁጥር እትዬን ያስጠራ ጀመር። በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ከመቀመጫዋ አስነሥቶ አስጨበጨበላት። ስለ ፕላስቲኩ በዚያ ቀን አንድም ቃል አልተነገረም፤ ምስጋናው ሙሉ በሙሉ የእጇ ነበር። ይህ በኋላ ለሚሆነው ነገር ጠቃሚ ነው። ምስጋናውን ብቻዋን የተቀበለች ሰው ወቀሳውን ብቻዋን ብትቀበል የሚገርመው አይኖርም።

«እትዬ» አላት ባለ ዱላው ከበሩ ላይ፣ «ምን እየመገብሻቸው ነው? ዱላዬን አልፈውኝ ሊሄዱ እኮ ነው!»

«ምቀኛ! አንተም ገብተህ ብትከርም ትረዝም ነበር።»

«እኔማ ገብቼ አይቼዋለሁ፣ አላበኝ እንጂ ንቅንቅ አላልኩም። እነዚህ ደርሰዋል፣ ይጫኑ።»

«ደጅ አልወጡም እኮ።»

«ቀዩን ነክተዋል።»

«እሱማ ነክተዋል። ደጅ ግን አላደሩም።»

«ዱላው ቁመት ነው የሚለካው እናቴ፣ የት አደራችሁ ብሎ አይጠይቅም።»

እትዬ ሳቀች፤ ነገሩንም ተወችው። የጠየቀችው የልማድ ነገር ሆኖባት ነው እንጂ የሚመጣውን አውቃ አልነበረም። ደግሞም ደስ ብሏት ነበር። የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ በትክክል ይቀመጥ ከተባለ የእሷ ድርሻ ይኸው ነው፦ ተጨበጨበላት፣ ደስ አላት፣ ዝም አለች። አንድ ነገር ይጨመርበታል።

በዝናቡ ወራት ነፋስ አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ጥሎ የጣሪያውን አንድ ጥግ ቀደደው። ከቀዳዳው ሥር የነበሩት ትሪዎች እንደ ሌሎቹ አልተመዘዙም። ግንዳቸው አጭርና ደንዳና ሆነ፤ ቅጠላቸው ጠቆረ፣ ሲነኩት እንደ ቆዳ ጠንከር አለ፤ ከግንዳቸው ሥር ወይን ጠጅ ቀለም ብቅ አለ። ያን ሁሉ ረጅም ችግኝ ላሳደገች እጅ ይህ ውርደት ነበር። እትዬ አፈረች። እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል መሰላል አስደግፋ ወጣችና ቀዳዳውን በራሷ እጅ ደፈነችው። የሚጨመረው ነገር ይህ ነው።

«እነዚህ ደግሞ የማን ልጆች ናቸው?» አለ ባለ ዱላው፣ ድንኮቹን በዱላው ጫፍ እየነካካ።

«የእንጀራ ልጆች ናቸው። ጣልልኝ፣ ሰው ሳያያቸው።»

ከክምሩ ላይ ተጣሉ። በዚያው ቀን እህቷ ምሳ ልታደርስላት መጥታ አየቻቸው። «ነፍስ አላቸው እኮ!» ብላ አፈራቸውን እያራገፈች በዘንቢሏ ከተተቻቸው። እቤት ወስዳ በተሰነጠቀ የልብስ ማጠቢያ ሳፋና በባዶ የቀለም ጣሳዎች ውስጥ፣ ከልብስ ስፌት ክፍሏ በር ግራና ቀኝ፣ ፀሐዩ በሚያርፍበት ቦታ ተከለቻቸው።

«ስሜን ልታስጠፊው ነው» አለቻት እትዬ ስትገባ። «መንገደኛው ሁሉ የእኔ እጅ ይመስለዋል።»

ረጃጅሞቹ ለገበሬዎች ተከፋፈሉ። ማሳ ላይ ወጥተው ግልጥ ፀሐይ ሲመታቸው ቅጠላቸው መጀመሪያ እንደ ነሐስ አብረቀረቀ። ቀጥሎ ነጣ። ከዚያ እንደ ተጨመደደ ወረቀት ኩምትር አለ። ገበሬዎቹ ውሃ ጨመሩ፣ ለውጥ አልነበረም። በአንድ ጠዋት የደረቁትን ችግኞች ይዘው መጥተው የጣቢያው ግቢ ውስጥ ቆሙ። አንዳቸውም አልጮኹም። አንድ ሽማግሌ የያዙትን እፍኝ ድርቆሽ ከቢሮው ደረጃ ሥር አስቀመጡና «የሰጣችሁን ይኸውላችሁ፣ ቁጠሩት» አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ደረጃው ላይ ወጣ። ባለሙያው ከጎኑ ቆመ። እትዬ ግርግሩን ሰምታ ከግሪንሃውሱ በር ብቅ አለች፤ ውሃ ማጠጫዋን ከእጇ ለማስቀመጥ አላሰበችም ነበር።

«የጣቢያው ዘር ንጹሕ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ቤቱ አዲስ ነው። ጥፋቱ የእጅ ነው። ውሃ አብዝታባቸው አልፈስፍሳቸዋለች። እርምጃ እንወስዳለን።»

ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ ውሃ ማጠጫውን አየ። ከገበሬዎቹ መካከል ቆርቆሮ ታቅፈው ወደ እትዬ ቤት ከሚመጡት አንዷ የነበረች ሴት «አይ እትዬ፣ አንቺም?» አለች። ባለሙያው ጫማውን ይመለከት ነበር። ጫማው ላይ ምንም አልነበረም።

እርምጃው ተወሰደ። አልተባረረችም፤ ሥራ አስኪያጁ ርኅሩኅ ሰው እንደሆነ በዚያ ሰሞን ብዙ ተወርቷል። ከግሪንሃውሱ ወጥታ ከጓሮ፣ ከቧንቧው ሥር፣ ባዶ ትሪ አጣቢ ሆነች። ችግኝ እንዳትነካም ተከለከለች። ክልከላው ለባለ ዱላውም ተነግሮት ስለነበር ወደ በሩ ጠጋ ስትል ዱላውን አግድም ይዘረጋል። «ምን ላድርግ እናቴ፣ ታዝዤ ነው» ይላል። መታዘዙ እውነት ነው።

ሰፈሩ ትእዛዝ አላስፈለገውም። ቆርቆሮ ታቅፎ የሚመጣ ሰው ቀረ። ጎረቤቷ የመስኮት አበባ አላት፤ እትዬ ስታልፍ ማሰሮውን ሳብ አድርጋ ወደ ውስጥ ታስገባዋለች። «ለፀሐዩ ብዬ ነው እትዬ፣ እንዳያቃጥለው» ትላለች። ሰማዩ ደመና ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን እትዬ ራሷ ማመኗ ነው። እጆቿን ሽርጧ ሥር ማስገባት ለመደች። እህቷ አንድ ጠዋት «እስቲ ከሳፋው ላይ ቢጫውን ቅጠል ቀንጥሺልኝ፣ እጄ መርፌ ይዟል» ብትላት፣

«አንቺው ቀንጥሺው» አለች። «እኔ አልነካቸውም።»

«ምን ይሆናሉ?»

«ታውቂያለሽ።»

«እኔ የማውቀው የጣላችሁት ድንክ መንገዱን ሊዘጋብኝ መድረሱን ነው። ደንበኛ ሱሪውን ሊለካ ገብቶ ቲማቲም እየለቀመ ይወጣል።»

እውነቷን ነበር። በሳፋውና በጣሳዎቹ ውስጥ ያሉት ቲማቲሞች ቀን ሙሉ ፀሐይ ሲያርፍባቸው ይውላሉ። አንድም ቅጠል አልነጣ፣ አንድም አልተኮማተረ። ፍሬ ይዘው ቀልተው ነበር።

ባለሙያው በቀትር የመጣው እንዲያጥርለት የሰጠውን ሱሪ ለመውሰድ ነው። በሩ ላይ ቆመና አልገባም። ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ አንዱን ቅጠል በሁለት ጣቱ መካከል አሸው።

«ይሄ የማን ዘር ነው?»

«የእናንተው ድንኮች» አለች እህቷ፣ መርፌ ቁልፎቹን በከንፈሯ እንደያዘች። «ጣላችኋቸው፣ አነሣኋቸው። ልትከሰኝ ነው?»

«ከየትኛው ትሪ?»

ከውስጥ በኩል ወንበር ላይ የተቀመጠችው እትዬ መለሰች። «ከቀዳዳው ሥር። ኋላ ደፈንኩት።»

ባለሙያው ቅጠሉን አልለቀቀም። በሌላ እጁ የግንዱን ሥር ገለጠ። እህቷ «ምን ሆንክ? ሳትለካው ሱሪው ጠበበህ?» አለችው።

«ፀሐይ ውስጥ ዓይናችን የማያየው ጨረር አለ» አለ፣ ለማናቸው እንደሚናገር ሳይለይ። «አልትራቫዮሌት ይባላል። ሲበዛ ቅጠልን ይጎዳል፤ ሴሉ ድረስ ገብቶ ይሰብራል። ተክል ግን ጨረሩ ሲያርፍበት ይለየዋል፤ የሚለይበት ነገር በሴሉ ውስጥ አለው። ሲለየው ቁመቱን ይገታል፣ ቅጠሉን ያወፍራል፣ ላዩን ሰም ያለብሳል። ከቅጠሉ ቆዳ ውስጥ ደግሞ ጨረሩን የሚያስቀርለት ነገር ያጠራቅማል። አንዳንዱ እንደዚህ ወይን ጠጅ ሆኖ ይታያል፣ ብዙው አይታይም።»

«ጃንጥላ ነዋ» አለች እህቷ።

«ጃንጥላ በይው። አዲሱ ጣሪያ ጨረሩን ሙሉ በሙሉ አስቀረባቸው። ጨረር የሚባል ነገር መኖሩን ሳያውቁ ነው ያደጉት። ለምን ብለው ጃንጥላ ይሠራሉ? ብርሃኑንና ሙቀቱን እያገኙ ተመዘዙ። ቀስ ብለው ደጅ ቢለምዱ ኖሮ እዚያ ይሠሩት ነበር። እኛ ግን ከቤት አውጥተን በቀጥታ ማሳ ላይ ጣልናቸው። ቅጠሉ ምግቡን የሚያዘጋጅበት ውስጡ ነው የተቃጠለው። እነዚህ የቀዳዳው ልጆች ብቻ ለብሰው ወጡ።»

እትዬ እጆቿን ከሽርጧ ሥር አላወጣችም። «ውሃውስ?» አለች።

«ውሃው ምንም አላደረገም።»

«እጄስ?»

«እጅሽም ምንም አላደረገም እትዬ።»

እህቷ መርፌ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ መርፌ መሰኪያው ላይ ተከለቻቸው። ከዚያ «ያን ቀን ታዲያ አጠገቡ ቆመህ ምን ትሠራ ነበር?» አለችው።

«ያን ቀን አላወቅኩም ነበር።»

«አላወቅኩም ማለት ያቅት ነበር?»

ባለሙያው ለሥራ አስኪያጁ እንደሚነግር ቃል ገባ፤ ሱሪውንም ይዞ ሄደ። ነገረውም። ይህ ሊካድ አይገባም። ከዚያ ወዲህ ግን ልብሱን የሚያሰፋው ሌላ ቦታ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ነገሩን ሰምቶ ችላ አላለም። ፕላስቲኩ ተነሥቶ ጨረር የሚያሳልፍ ሌላ ተተካ። ለነጭ ዝንቧ በመስኮቶቹ ላይ መረብ ተወጠረ። ደጅ ያላደረ ችግኝ እንዳይጫን ታዘዘ። ባለ ዱላውም አዲሱን ደንብ ራሱ እንዳመነጨው ሆኖ «ስንት ጊዜ ነገርኳችሁ፣ ቁመት ብቻ አይበቃም!» ይል ጀመር። ለገበሬዎቹ ምትክ ችግኝ ተሰጣቸው። ደንዳና ነበር፤ ማሳው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ምን እንደተለወጠ ሲጠይቁ የተሰጣቸው መልስ አንድ ነው፦ «አሁን ሌላ ሰው ነው የያዘው።»

ይህም ውሸት አልነበረም። ግሪንሃውሱን በእርግጥ ሌላ ሰው ይዞት ነበር። በዚህ መንገድ፣ ጥፋቱ የጣሪያው መሆኑ ታውቆ ሲታረም፣ እርማቱ ራሱ በእትዬ ላይ ምስክር ሆነ። እሷ ስትነሣ በቀለ ተባለ። ጎረቤቷ የመስኮት አበባዋን ከነአካቴው ወደ ጓሮ አዛወረችው።

እትዬ ሽርጧን ሳታወልቅ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። እንድትቀመጥ ወንበር ሳበላት። ደግ ሆኖ ነበር የተቀበላት።

«እትዬ፣ ምን ጎደለሽ? ፕላስቲኩ ተቀየረ። ደንቡ ተሻሻለ። ገበሬው ረክቷል።»

«ያን ቀን የተናገሩት ግቢው ውስጥ ነው» አለች። «እዚያው ቆመው ይንገሩልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«የእጅ ጥፋት አልነበረም ብለው።»

«የማን ነበር ታዲያ ቢሉኝስ?»

እትዬ ቀና ብላ አየችው። ጥያቄው መልስ ያለው ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ ነበር።

«ነገር ማብዛት ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ሰው እንደሆነ ይረሳል።»

«አልረሳም። አበባ ከመስኮት ይነሣል ሳልፍ።»

«እሺ እንዲህ እናድርግ። ከሰኞ ጀምሮ ወደ ግሪንሃውሱ ተመለሺ። ዝም ብለሽ ግቢ። ማንም ምንም አይልሽም፣ ምንም ሳይወራ ነገሩ ያልቃል።»

ትሪዎቹ፣ ብስባሹ፣ የእርጥቡ አፈር ሽታ በዓይነ ሕሊናዋ መጡባት። ከዚያ «በሰው ፊት የወሰዱብኝን በጓሮ በር አልቀበልዎትም» አለች።

«እንደ ፍላጎትሽ» አለ። ስትነሣ ግን አስቆማት። በመስኮቱ ደፍ ላይ አንዲት አበባ ቅጠሏ እየረገፈ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እስቲ ለዚችስ አንዴ እጅሽን አሳርፊባት፣ ምን እንደነካት እንጃ» አላት።

እትዬ አበባዋን አየቻት። እጆቿን ወደ ሽርጧ ሥር መለሰች።

«ጥፋቱ የእጅ ነው ብለዋል እኮ» አለችና ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ዝናብ ወጥቶ ዝናብ ገብቷል። ገበሬዎቹ በየወቅቱ ወደ ግቢው እየመጡ ችግኝ ይጭናሉ፤ ሥራ አስኪያጁም በየወቅቱ ከደረጃው ላይ ሆኖ እንኳን ደህና መጣችሁ ይላቸዋል። ሌላ ነገር አይናገርም። ባለሙያው ከጎኑ ይቆማል። እትዬ ከጓሮው፣ ከቧንቧው ሥር፣ ትሪ ታጥባለች። የእጅ ጥፋት እንዳልነበረ እስከ ዛሬ የተናገረላት የለም።